የአማቷ ስም

የተጠማ ሰው ኩራት የለውም ይላሉ። ማራኪ ግን ነበራት። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ ባዶ ጄሪካኗን በእግሯ እየገፋች፣ ከአቶ ዎሎሬ በር ፊት በተዘረጋው ሰልፍ ውስጥ ስትቆም አንገቷን ቀና አድርጋ ነው። እንደ ሌላው «ኧረ ቶሎ በሉ» አትልም፣ ተራዬን ወሰዱብኝ ብላ አትጣላም። ዓይኗ ብቻ በሩ ላይ ተተክሎ ይቀራል። በሩ ሲከፈት ሆሴዕ ይወጣል። ሆሴዕ ሲወጣ ደግሞ ልቧ ቦታውን ይለቃል።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ቅባት ተቀባሽ?» አሏት ከኋላዋ የቆሙት እትዬ ገነቴ። ጥርሳቸው ካለቀ ቆይቷል፤ ምላሳቸው ግን አላለቀም። «እኛ ፊታችንን የምንታጠብበት አጥተን አንቺ ታበሪያለሽ!»

«ላብ ነው እትዬ ገነቴ።»

«ላብ! በዚህ ብርድ? ምን ልትቀጂ ነው እንዲህ የምታበሪው?»

«የሚጠጣ ነዋ።»

«ውሃ አይባልም? ቃል ትመርጪያለሽ ደግሞ! ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ሲባል አልሰማሽም? ይኸው ዘመዱ አለቀና አመዱ ተረፈን። አሁን ሁላችንም አህያ ነን። አህያ ደግሞ አይኳኳልም!»

ሰልፉ ሳቀ። ሳቁ ወዲያው ሳል ሆነ።

የሆሳዕና ከተማ ከልቧ ከሳቀች ቆይታለች። በስምጥ ሸለቆው በኩል መሬት ተሰንጥቆ አመድ ሰማዩን የሸፈነ ጊዜ፣ መጀመሪያ መብራት ሄደ፣ ኔትወርክ ተከተለ፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ተቆረጠ። ባጃጆቹ አደባባዩ ላይ እንደቆሙ ዛጉ፤ አሁን ዶሮ ነው የሚያድርባቸው። ሰው «የሳምንት ነገር ነው» አለ። ሳምንቱ ክረምት ሆነ፣ ክረምቱ ዓመት ወለደ። ሕዝቡን ያቆየው እንሰት ነው፤ ቅጠሉ አመድ ቢለብስም ሥሩ አልሞተም፣ ጉድጓድ የተቀበረውም ቆጮ አልተበላሸም። የጨረሰው ግን ውሃው ነው። ምንጩም ወንዙም መረረ፣ ክብሪት ክብሪት ሸተተ። ጠምቶት የጠጣ ሰው ሆዱ ተነፍቶ ሞተ። ሕፃናቱ ቀደሙ።

ያልመረረ አንድ ጉድጓድ ብቻ አለ፤ የአቶ ዎሎሬ። አቶ ዎሎሬ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ናቸው። ጠዋት በራቸው ላይ ቆመው ሲጸልዩ ሰው ኮፍያውን ያወልቃል። «ጌታ ጻድቁን አይቶ ጉድጓዱን አጣፈጠለት» ይባላል። ያለው ቆጮ ያመጣላቸዋል፣ የሌለው እንሰታቸውን ይኮተኩታል። አይሳደቡም፣ አይቆጡም። ግን እሳቸው አንድ ነገር ካሉ በኋላ ሌላ የሚል ሰው ከተማው ውስጥ አልቀረም።

ማራኪ ተፈናቃይ ናት። አባቷ ጃጁራ ላይ መምህር ነበር፤ አመዱ ሳንባው ገብቶ ገደለው። እሷና እናቷ ትርፌ በእግራቸው መጥተው ትምህርት ቤት ውስጥ ከሰፈሩት ጋር ሰፈሩ። የአቶ ዎሎሬን እንሰት ልትፍቅ ገብታ ነው ከሆሴዕ ጋር የተያዩት። አንድ ቀን ቅጠሉ ጣራ ሆኖላቸው እጇን ያዘና «ሽማግሌ እልካለሁ» አላት። ያን ቀን ማንም ሳያዛት የምራት ሥርዓት ያዘች።

በሀዲያም በከምባታም የቆየ ሥርዓት ነው፤ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ቃል ሁሉ ካፏ አይወጣም። ሌላ ቃል ትፈልግለታለች። የዛሬ ልጆች ትተውታል። የማራኪ አያት ግን እስኪሞቱ ጠብቀውታልና እሷም ከእሳቸው ሰምታ አደገች። አቶ ዎሎሬ! በሀዲይኛ ደግሞ ውሃ «ዎኦ» ነው። በአማርኛም ቢሆን ከንፈር ያው ከንፈር ነው፤ «ውሃ» ሲል እንደዚያው ይሞጠሙጣል። ስለዚህ ማራኪ ከ«ወ» እስከ «ዎ» ያለውን ፊደል ካፏ አስወጣች። ሰው ሌት ተቀን ውሃ ውሃ በሚልበት ዘመን እሷ ብቻ «የሚጠጣ» ትላለች። ለሆሴዕም አልነገረችውም። ይህን ነገር ሴት ታደርገዋለች እንጂ አታወራውም።

ከዚያ ወዲህ ሆሴዕ ወደ እንሰቱ መምጣት ተወ።

በሩ ተከፈተ። ሆሴዕ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ ወጣና ከበርሚሉ ጎን ቆመ። አቶ ዎሎሬ በር ላይ ወሬ አይወዱም፤ እዚያ የደረሰ ሰው «ሆሴዕ፣ ውሃ ስጠኝ» ብቻ ይላል፣ እሱም እያንዳንዱን በስሙ እየጠራ ይቀዳል።

«ሆሴዕ፣ ውሃ ስጠኝ።»

«እትዬ አባይነሽ! እግርሽ ተሻለሽ?»

«ጌታ ይመስገን፣ ዛሬ ይሻላል።»

ማራኪ ተራዋ ሲደርስ ጄሪካኗን ብቻ አስቀመጠች። ሰላም ካላላት ሰላም አትለውም! ቀና ብሎ እስኪያያት ጠበቀች። እሱ ጆሮውን ወደ ጄሪካኑ አዘንብሎ፣ ዓይኑን ከትከሻዋ በላይ የሆነ ቦታ ላይ ጥሎ ሞላላት። ፊቷ እንደ አጥር ነበር ለእሱ፤ ከአጥሩ ማዶ ነው የሚያየው።

«ቀጣይ» አለ።

ለሁሉም ስም አለው። ለእሷ «ቀጣይ»። ጄሪካኑን ተሸክማ ስትሄድ ጀርባዋን ያያል ብላ ቀስ አለች፤ ከዚያ ቀስ በማለቷ ራሷን ጠላችው።

*

ትርፌ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር፣ ሰሌን ላይ ተኝታለች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ቤተሰብ ሁሉ በየጥጉ ማቅ ጋርዷል። እሷ ግን «የባሌ ቦታ ነው» ብላ ከሰሌዳው ሥር አልነሳም አለች። ከታመመች ሰንብታለች።

«አየሽው?» አለች ገና ማራኪ ጄሪካኑን ሳታወርድ።

«ማንን?»

«የጌታውን ልጅ ነዋ። ሌላ ማን አለሽ?»

«አየሁት።»

«እሱስ አየሽ?»

ማራኪ ኩባያ ፍለጋ ጀርባዋን ሰጠቻት።

«ነግሬሻለሁ። ከዶዮገና ሰዎች መጥተው ግቢያቸው ሰንብተው ሄደዋል። በአህያ ቆጮ ጭነው! በዚህ ጊዜ ሰው ቆጮ ጭኖ ሰው ቤት የሚሄደው ለምን ይመስልሻል? ልጅ ሊድሩለት ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ልጄ። እጅሽን ያዘሽ እንጂ ምን አደረገልሽ?»

«ጠጪ አማ» አለች ማራኪ ኩባያውን እያቀረበች።

ትርፌ ገፋችው። «ምንድነው እሱ?»

«ጠጪ እንጂ።»

«ስሙን ጥሪልኝ። ምን እየሰጠሽኝ ነው?» በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። «አመመኝ እንጂ አልደነቆርኩም። የሚጠጣ ላምጣልሽ፣ የሚጠጣ አለቀ ትያለሽ። እናቴ እንዲህ ነበረች። ግን እሷ በሽማግሌ፣ በአደባባይ አግብታ ነው! አንቺን ማን አገባሽ?»

«አማ፣ ተይኝ።»

«ውሃ በይ!»

«ይፈሳል፣ ያዢው።»

«ውሃ በይና እጠጣለሁ። አለዚያ እዚሁ ልሙት።»

ማራኪ አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ሞጠሞጠ። ቃሉ ምላሷ ላይ ደረሰ፤ አንዲት ትንፋሽ ነበር የቀረችው። እንባዋ ቀደማት።

ትርፌ ልጇን ስታያት ቆየች። ከዚያ ኩባያውን ራሷ ተቀብላ ጠጣች፣ አፏንም በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ያለ ሰርግ ሙሽራ» አለች ቀስ ብላ። «ምነው ልጄ፣ ራስሽን ለማያይሽ ሰው ዳርሽ?»

«ነገ ሄጄ አባቱ ፊት እቆማለሁ» አለች ማራኪ። «ስማቸውን ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ። እሱም ይስማ። ከዚያ ያልቃል።»

ትርፌ ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበቻት፤ ደረቷ ላይ ያለው አጥንት የማራኪን ጉንጭ ወጋው።

*

ጎህ ሲቀድ በእንሰቱ በኩል ገባች። ስትፍቅ ስለከረመች መተላለፊያውን ታውቀዋለች። መንገድ ላይ ስሙን በሆዷ ስትለማመደው ነበር፤ አቶ ዎሎሬ፣ አቶ ዎሎሬ። በሆድ ቀላል ነው።

ከጉድጓዱ አጠገብ ስትደርስ ያ ሽታ መታት። የክብሪት ሽታ። መጀመሪያ የተሳሳተች መሰላት። በርሚሎቹ ሞልተው ተደርድረዋል፤ ውሃቸው የዕቃ እጣቢ ይመስላል። የጻድቁ ጉድጓድም እንደ ሌላው መራራ ነው!

ሆሴዕ ከአንዱ በርሚል ፊት ተንበርክኳል። እጅጌውን ሰብስቦ እጁን እስከ ክርኑ ከተተው። ጥርሱን ነከሰ። ከእጁ ዙሪያ ጀምሮ፣ ጭጋግ ከተራራ ላይ እንደሚገፈፍ፣ ውሃው እየጠራ፣ እየጠራ ሄደ፤ በመጨረሻ የበርሚሉ ወለል ታየ። ሆሴዕ እጁን አወጣና ግንባሩን በርሚሉ ላይ ደፋ። ትከሻው እንደ ወባ ታማሚ ይንዘፈዘፋል። ከዚያ ፎጣውን ፈለገ። ፎጣው አፍንጫው ፊት ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። በግራ ዳበሰ፣ በቀኝ ዳበሰ፣ አየሩን ጨበጠ።

ማራኪ ምን እንደምታደርግ ሳታስብ አንስታ እጁ ላይ አኖረችለት።

«አባባ?» አለ። «ዛሬ በጊዜ ተነሣህ።»

ፊት ለፊቱ ቆማለች። ጎሁ ፊቷ ላይ ነው። ሆሴዕ ቀና ብሎ ግንባሯን አልፎ የእንሰቱን ቅጠል አየ፤ ቅጠሉንም አላየ።

«አባባ? ምነው ዝም አልክ?»

ስም ልትጠራ መምጣቷን ረሳችው።

«እኔ ነኝ» አለች።

ፎጣው ከእጁ ወደቀ። «ማራኪ? አልሄድሽም እንዴ?»

«የት እሄዳለሁ?»

«እንጃ። ከሰልፉ ጠፋሽ። በየቀኑ ድምፅሽን ስጠብቅ፣ ሳትመጪ ስትቀሪ... ሰው ስለ እኔ የሆነ ነገር ነግሯት ይሆናል አልኩ። ወይ ወደ ጃጁራ ተመልሳለች አልኩ።»

«በየቀኑ ፊትህ ቆሜያለሁ ሆሴዕ! ትናንትና ጄሪካኔን ሞልተህልኛል። ‹ቀጣይ› ብለኸኛል!»

የሆሴዕ ፊት ተለዋወጠ። «ያቺ... ዝም ብላ ጄሪካን የምታስቀምጠው?»

«እኔ ነኝ!»

«ከትምህርት ቤቱ የምትመጣው፣ መናገር የማትችለዋ ሴትዮ መስለሽኝ!» አለ እጁን ራሱ ላይ አድርጎ። «እኔ ሰው የማውቀው በድምፁ ነው ማራኪ። ‹ውሃ ስጠኝ› ሲለኝ ነው ስሙን የምጠራው። አንቺ ምነው አንድ ቀን እንኳ ‹ውሃ› ብትይኝ?»

«አልችልም።»

«ለምን?»

«የአባትህ ስም ነዋ!»

ሆሴዕ እንደ ተንበረከከ ቀረ። ነገሩ ቀስ ብሎ ሲገባው አየች፤ መጀመሪያ አፉ ተከፈተ፣ ከዚያ ባዶው ዓይኑ እንባ ሞላ። ሳቀ። ሳቁ ግን ያስፈራል።

«ሚስቴ ስለሆንሽ ነው ያጣሁሽ» አለ።

ከአጠገቡ ተቀመጠች። እጁ እንደ በረዶ ነበር፤ በሁለት እጇ ያዘችው። አመዱ የወረደ ሰሞን ባልዲ ወድቆበት እጁን ውሃ ውስጥ ሲከት እሱና አባቱ ነገሩን እንዴት እንዳወቁት ነገራት። ምሬቱ ከውሃው ወጥቶ ወደ እሱ ይገባል፤ ከእሱ የሚወጣበት ግን የለውም። ቀኝ ዓይኑ ከጨለመ ቆይቷል። በግራው ጥግ በኩል እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ያለች ብርሃን ቀርታለች። ወደ እንሰቱ መምጣት የተወውም መንገዱ ስለጠፋበት ነው።

«አባባ ‹ማንም እንዳይሰማ፣ ከምንጭ ምንጭ እየጎተቱ ይገድሉሃል› አለኝ። እውነቱን ነው፤ ፈርቶልኝ ነበር። በኋላ ግን ሰው እግሩ ሥር መውደቅ ጀመረ። ወንድሜ ሚክያስ ‹ልጅህን እየበላኸው ነው› ሲለው ተጣሉና ዶዮገና ገባ። ስሙም እዚህ ቤት አይነሣም።»

ማራኪ እጁን ጉንጯ ላይ አደረገችው። ያን ያህል ቀን ኩራት ብላ የተሸከመችው ነገር አፈር ሆኖ አገኘችው።

*

«ማን አስገባሽ?»

አቶ ዎሎሬ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው ከኋላ ቆመዋል። ድምፃቸው አልጨመረም፤ ጨምሮም አያውቅ። «ውሃ ከሆነ የፈለግሽው በሩ በዚያ ነው። ተሰለፊ።»

«የሚጠጣ ፈልጌ አልመጣሁም ጋሼ።»

«ምን አልሽ?»

«የሚጠጣ።»

ሽማግሌው ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ያን አነጋገር ያውቁታል። ሟች ባለቤታቸው የአባታቸውን ስም ሳትጠራ ኖራ ሳትጠራ ተቀብራለች። ዓይናቸው ከማራኪ ወደ ልጃቸው፣ ከልጃቸው ወደ ማራኪ ሄደ።

«ማን ፈቀደልሽ?» አሉ።

«ማንም። እንደ አማት ሳከብርዎት ነው የከረምኩት። እርስዎ ግን የልጅዎን ዓይን ለሰው አጠጡት!»

«ቀስ ብለሽ ተናገሪ! በሩ ላይ ሰው አለ። ይህን ቢሰሙ እስከ ዛሬ በሕይወት ይተዉት ነበር? እኔ ነኝ ያኖርኩት!»

«አባባ» አለ ሆሴዕ። «ፎጣዬን ሁልጊዜ እጄ ላይ ታኖርልኛለህ። አለማየቴን ታውቃለህ። አንድ ቀን ግን ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

አቶ ዎሎሬ መጽሐፉን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። «ብጠይቅህና አላይም ብትለኝስ? በማግሥቱ በምን አፌ ቀስቅሼ ወደዚህ አመጣሃለሁ?»

ማራኪ ገና የሚወጋት ነገር ነበራት። «ታዲያ የዶዮገናዋ ሙሽራ መጥታ ልትመራው ነው?»

«የምን ሙሽራ?» አለ ሆሴዕ።

«ቆጮ ጭነው የመጡት።»

«እነሱ ነጋዴዎች ናቸው። አባባ ነግሮኛል። አይደለም እንዴ አባባ?»

ሽማግሌው የጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡ። እንደዚያ ሲቀመጡ ትንሽ ሰው ሆኑ።

«ሚክያስ ነው የላካቸው» አሉ። «እዚያ ላይ ያለው ምንጭ ጠርቷል። ‹ሆሴዕን ይዘህ ና፣ ሰዉም ይምጣ› ብሎኝ ነበር።»

«ጠርቷል?» አለ ሆሴዕ። «እነሱ ከሄዱ እኮ ቆዩ። ከዚያ በኋላ ስንት በርሚል...» አልጨረሰውም። «ለምን አባባ?»

«ሰዉ ሁሉ ከሄደ እኔ ምን ልሆን ነው?» አሉ አቶ ዎሎሬ፣ እንደ ሕፃን።

ሆሴዕ ፊቱን ወደ ማራኪ አዞረ፣ አባቱ ባሉበት በኩል ትከሻው ብቻ ቀረ።

*

በሩን የከፈተችው ማራኪ ናት። ሰልፉ ተሰብስቧል። እትዬ ገነቴ ፊት ናቸው፤ «ደግሞ አንቺ ከውስጥ ወጣሽ? ሰርጉ ሳይነገረን አለፈ?» ሊሉ ጀምረው ፊቷን ሲያዩ ተዉት።

«ስሙኝ» አለች ማራኪ። «ይህ ጉድጓድ መራራ ነው። እንደ ሌላው ነው። የምትጠጡት የሆሴዕን ዓይን ነው!»

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ እጁን፣ ዓይኑን፣ የዶዮገናውን ምንጭ። ስትጨርስ ከኋላ አንድ ወንድ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ታዲያ ዛሬ ይቀዳል?»

«አፍህ ይቆረጥ!» አሉ እትዬ ገነቴ ዞረው። እሳቸውም ግን ጄሪካናቸውን አልለቀቁም። ማራኪ አየቻቸው፤ እሳቸውም ማየቷን አዩ፤ አንገታቸውን ደፉ።

ዶዮገና ዳገት ነው፤ በአንድ ጀንበር በእግር አይገባም። መንገዱ ላይ ያለው ምንጭ ሁሉ ይገድላል። ሕፃን ያዘለች አለች፣ በቃሬዛ የሚሄድ በሽተኛ አለ። ውሃ ሳይዝ የሚወጣ ሰው ዱራሜ መገንጠያ ሳይደርስ ይቀራል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ የተናገረው ግን ሆሴዕ ነው።

«ሁሉም በርሚል ይቀዳ» አለ። «ለመንገዳችሁ አጣፍጥላችኋለሁ። ከዚያ አብረን እንወጣለን።»

ማራኪ ክንዱን ይዛ ወደ እንሰቱ ጎተተችው።

«አይሆንም! ለእኔና ለአንተ አንድ ጄሪካን ይበቃናል። አንድ ናት፣ አንድ! ሁሉንም ካደረግክ ያቺ የቀረችህ ጥግ ትጠፋለች። ያቺን ለእኔ ተዋት ሆሴዕ። ሌላ ምን ጠይቄህ አውቃለሁ?»

«እናትሽስ?»

«እናቴን አትጥራብኝ!»

«እትዬ ትርፌ በምን ይወጣሉ ማራኪ?»

ደረቱን መታችው። አንዴ መታችው፣ ሁለተኛው ላይ ጡጫዋ ተፈታና ሸሚዙን ጨበጠ። ከሰሌዳው ሥር ያለውን ያን የደረት አጥንት አስታወሰች፣ ጥርሷን ነከሰች፣ በሆዷ እግዚአብሔርን ተጣላችው።

«ነይ» አለ ሆሴዕ። «በግራዬ በኩል። ዝቅ በይ ትንሽ። ብርሃኑ ላይ። ሻሽሽን አንሺው።»

ሻሿን ገፈፈችው። ሆሴዕ አንገቱን አጣሞ፣ በዚያች ቀዳዳ በኩል ፈለጋት። አንዴ ቅንድቧን አገኘ፣ አንዴ ጉንጯን፣ ከዚያ አፏን። ፊቷን እንደ ተሰበረ ሸክላ ቁራጭ በቁራጭ ገጠመው። ያን ሁሉ ቀን አንዲት እይታ ብላ ሰልፍ ላይ የቆመች ሴት አሁን ሲያያት መቻል አቃታት።

«ከስተሻል» አለ።

«ያልከሳ ማን አለ?»

«አታልቅሺ፣ አፍሽ ይነቃነቅብኛል። ዝም በይ... እንዲህ።» ቆየ። ከሰልፉ አንድ ሕፃን አለቀሰ። «ቅንድብሽ ላይ ጠባሳ አለ። ከዚህ በፊት አላየሁትም።»

«ትንሽ ልጅ ሆኜ በቢላ ነው።»

«ጥሩ ነው። እኔ ብቻ የማውቀው ነገር ይኑረኝ።» ጣቱን ጠባሳው ላይ አሳረፈ። «በቃ። አየሁሽ።»

ከዚያ ራሱ መንገዱን እየዳበሰ ወደ በርሚሎቹ ሄደ። ማራኪ ከኋላው ተንበርክካ ወገቡን አቀፈችው። እያንዳንዱ በርሚል ሲጠራ ሰውነቱ እጇ ውስጥ ሲንዘፈዘፍ፣ ምሬቱ ወደ እሷም ቢመጣላት ብላ አጥብቃ ያዘችው። አልመጣላትም። የመጨረሻው በርሚል ላይ ሆሴዕ ድንገት ቀና አለ፣ ዓይኑን ገልጦ ወደ ሰማይ አዞረ፣ ቆየ።

«ፀሐይዋ ወጥታለች?» አለ።

ፀሐይዋ ግንባሩ ላይ ነበረች።

*

ሰው ጄሪካኑን አዝሎ ወጣ። ትርፌን በቃሬዛ አነሷት። ከሆሴዕ ጎን ሲያደርሷት እጇን ዘርግታ እግሩን ነካች። እትዬ ገነቴ «ተራመዱ፣ ተራመዱ፣ እኔ አሮጊቷ ልቅደማችሁ?» እያሉ ፊት ፊት ይላሉ፤ የሚጮኹት እንዳያለቅሱ ነው።

አቶ ዎሎሬን የተሰናበታቸው የለም። የሰደባቸውም የለም። ሰው በአጠገባቸው ሲያልፍ እንደ በሩ መቃን ቆጥሯቸው አለፈ።

ማራኪ ፊት ሆና፣ ሆሴዕ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ ሄዱ። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ሆሴዕ ቆመ።

«የት ነው ያለው?»

ዞረች። «በሩ ላይ ናቸው።»

«ምን ያደርጋል?»

«ምንም። ጋቢያቸው መሬት ላይ ነው፣ አላነሡትም። ያዩናል።»

«እየመጣ ነው?»

ልትዋሸው ፈለገች። «አይደለም» አለች።

ሰው በግራና በቀኝ አልፏቸው እየሄደ ነው። የትርፌ ቃሬዛ አለፈ። የእትዬ ገነቴ ድምፅ ራቀ። ሆሴዕ ፊቱን ወደ መጣበት አዞረ። ከንፈሩ «አ» ለማለት ተከፈተ። ያቺ የመጀመሪያዋ ፊደል አፉ ላይ ቆማ፣ ቆማ፣ መልሶ ዋጣት።

አልጠራቸውም። ግን አንድ እርምጃም ወደፊት አልሄደም።

ማራኪ ና አላለችውም፣ ተዋቸውም አላለችው። ትከሻዋ ላይ ያለው እጁ እየከበደ፣ እየከበደ መጣ፤ እሷም ተሸክማው ቆመች።